አርባ ሦስተኛው ፖስታ

ሲስተር ፒየዳድ ሁለቱን ፖስታዎች የራጅ ፊልም በሚታይበት መብራት ላይ አስደግፋ ስታነብ፣ ዞይላ በሩን በጀርባዋ ገፍታ ይዛ ነበር። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። ፖስታዎቹ ከወፍራም ቡናማ ወረቀት የተሠሩ፣ አፋቸው በማኅተም የታሸገ ናቸው፤ በእጅ ቢያገላብጧቸው፣ በመስኮት ብርሃን ቢያዩዋቸው ምንም አይታይባቸውም። በዚያ ነጭ መብራት ላይ ግን ውስጣቸው ያለችው ብጣሽ ወረቀት ከነጽሑፏ ወለል ብላ ታየች። ሲስተር ፒየዳድ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ አነበበች፤ አንዱን አስቀምጣ ሌላውን አነሳች፤ ከዚያ ዞር ሳትል «አርባ ሦስት አሮጌው ነው፤ አርባ አራት አዲሱ» አለች። አርባ ሦስተኛው ፖስታ በተራው የዞይላ ልጅ ለወለደቻት ሕፃን የሚደርስ ነበር።

በዚያ በጓያኪል ከተማ ባለ የመንግሥት ሆስፒታል፣ በአራተኛው ፎቅ፣ ጊዜያቸው ሳይደርስ ተወልደው ሳንባቸው እምቢ ያላቸውን ሕፃናት የሚጠብቃቸው መሣሪያ ሁለት ዓይነት ነው። አሮጌው እንደ ወናፍ ነው፤ አየሩን ነፍቶ ይሞላል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይሞላል፤ ደረታቸው እንደ ማንኛውም የተኛ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። አዲሱ ግን ሳንባውን በመጠኑ እንደተነፋ ይይዝና በደቂቃ ስድስት መቶ ጊዜ ትንንሽ አየር እያርገበገበ ያስገባል፤ ሕፃኑ ከአንገቱ እስከ ጭኑ እንደ ወንፊት ይርገፈገፋል። ዶክተር ኢንትሪያጎ ከውጭ ከመጡ ሐኪሞች ጋር ጥናት የጀመረው የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ነው። ዘመድ ይፈርማል፣ ተራው የደረሰው ፖስታ ይከፈታል፣ ዕጣው ያለው ይሆናል። ዶክተሩ ለእያንዳንዱ እናት አንድ ነገር ይናገራል፤ የሚሻለውን ባውቅ ኖሮ ፖስታ ምን ያደርግልኝ ነበር ይላል። እውነቱን ነው፣ አያውቅም። ግን ማን ያምነዋል? አሮጌዎቹ መሣሪያዎች ቀለማቸው የተላላጠ፣ አንደኛው ጎኑ በፕላስተር የተያዘ ነው፤ አዲሶቹ ሁለቱ ከነላስቲካቸው የመጡ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ ቁጥር የሚያበሩ ናቸው። ከጥበቃው እስከ ምግብ አብሳይዋ ሁሉም በየልቡ ፈርዷል። ያንን ፎቅ አሥራ ሰባት ዓመት ስትወለውል የኖረችው ዞይላም ፈርዳለች።

ከልጇ ከኬርሊ ጋር አራት ወር አልተነጋገሩም። ኬርሊ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ሽሪምፕ ከሚረባበት ኩሬ ላይ ተቀጥሮ በወር አንዴ ብቅ ከሚል ጆፍሬ ከሚባል ልጅ አረገዘች። ዞይላ ነገሩን የሰማች ቀን ድስቱን ከእሳት አወረደች፣ እጇን በፎጣ ጠረገች፣ ከዚያ «ሆድሽ ውስጥ ያለው ከዚህ ቤት ሩዝ አይበላም» አለቻት። ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም። ኬርሊ ልብሷን በጥቁር ፌስታል ሰብስባ ወደ ባልንጀራዋ ቤት ሄደች፤ ሰፈሩ አንድ፣ የሚሳፈሩበትም አውቶቡስ አንድ ነበርና እናትና ልጅ አንዳንዴ ከፊትና ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ሳይተያዩ፣ ገበያው ድረስ ይሄዱ ነበር። ትናንት ኬርሊን ደም ግፊቷ አናቷ ላይ ወጥቶ አመጧት፤ ገና ሃያ ስምንት ሳምንቷ ነው። ጎሕ ሲቀድ በቀዶ ጥገና አወለዷት። ሴት፣ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ግራም። ዞይላ ፈረቃዋን ልትጀምር የሥራ ልብሷን ስትቆልፍ ነው የሰማችው። ገብታ አየቻት። ጭኗ የአዋቂ ሰው አውራ ጣት አያህልም፤ አንዲት ነርስ ትንሽ የጎማ ፊኛ በሁለት ጣቷ እየጨመቀች በእጅ ታስተነፍሳታለች። መሣሪያ እስኪመደብ የሚያቆዩአቸው እንዲህ ነው። ዞይላ ቀጥ ብላ ወደ ሲስተር ፒየዳድ ሄደች። ከሦስት ዓመት በፊት ሲስተር ፒየዳድ በሥራ ላይ እንቅልፍ ጥሏት የአንድ ሕፃን ግሉኮስ አልቆ ሲገኝ፣ ለኃላፊዎቹ «ስወለውል ነቅታ አይቻታለሁ» ብላ የመሰከረችላት ዞይላ ናት። ያንን ቀን አንድም ጊዜ አንስተውት አያውቁም። ዛሬም አላነሱትም። ዞይላ «የኬርሊ ናት» ብቻ አለች፤ ሲስተር ፒየዳድም የመሳቢያውን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች።

ፖስታ መለዋወጥ አይቻልም። ቁጥሩ ላዩ ላይ ታትሟል፣ ማኅተሙን የሚቀደው ዶክተሩ ራሱ ነው። መለወጥ የሚቻለው ተራው ነው። ከባልሳር ገጠር የመጣች ሮሳውራ የምትባል ልጅ ከኬርሊ ሃያ ደቂቃ ቆይታ በምጥ ወልዳለች፤ የእሷም ሴት ናት፣ የእሷም ሳንባ እምቢ ብሏል። የሮሳውራ ፊርማ ቀድሞ ከገባ አርባ ሦስተኛው ፖስታ የሮሳውራ ይሆናል። ሲስተር ፒየዳድ ቅጹን አንስታ «አብረሽኝ ነይ» አለች። እናቶቹ እኔን ሲያዩ ጥያቄ ያበዛሉ፣ አንቺን ግን እንደ እናት ነው የሚያዩሽ አለቻት።

ሮሳውራ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። የምጥ ላቧ ገና ከፊቷ አልደረቀም፤ ሰፊ፣ በፀሐይ የጠቆረ እጇን አንሶላው ላይ ዘርግታ ተኝታለች። ሲስተር ፒየዳድ ወረቀቱን እንደ ጸሎት በአንድ ትንፋሽ አነበበችላት። ሮሳውራ ቃላቱ እንዳያመልጧት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አዳመጠች፤ ሲያልቅ ግን ያነበበችላትን ትታ ዞይላን አየቻት።

«ዶኛ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይፈርማሉ?» አለች፣ በዕድሜ ለሚበልጡ ሴቶች በሚሰጠው የአክብሮት መጠሪያ።

«የኔም የልጅ ልጅ እዚያው ናት» አለች ዞይላ። «እኔ ዓይኔን አላሽም።»

«ባለቤቴ ከሰዓት ይደርሳል። እሱን ባማክርስ?»

«ልጅሽ እስከዚያ ትቆይልሻለች?»

ሮሳውራ ፈረመች። ስሟን እንደ ተማሪ በትልልቅ ፊደል፣ እያንዳንዱን ለብቻው እያቆመች ጻፈችና ትክክል መሆኑን ልታይ ወረቀቱን ቀና ስታደርግ ዞይላ ከእጇ ወሰደችው። ኬርሊ ገና ከማደንዘዣው አልነቃችምና በእሷ ቦታ ዞይላ ፈረመች፤ ሁለቱም ቅጽ ላይ ሰዓቱን የሞላችው ሲስተር ፒየዳድ ናት። ይህ ሁሉ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ያንን አሥራ ሁለት ደቂቃ የኬርሊ ልጅ በነርሷ ሁለት ጣት ስትተነፍስ ቆየች፤ ነርሷ መሃል ላይ እጇ ዝሎ ፊኛውን ወደ ግራ እጇ አዛውራለች። ዶክተር ኢንትሪያጎ ከማዋለጃው ክፍል እየሮጠ መጥቶ ፖስታዎቹን በየተራቸው ቀደደ። የሮሳውራ ልጅ አሮጌው ላይ ሆነች፣ የኬርሊ ልጅ አዲሱ ላይ። ዶክተሩ ዞይላን ዕድለኛ ነዎት ይሉዎታል አሁን፣ አይስሟቸው በሚል ዓይነት ፈገግ ብሎ አያት፤ ዞይላ መወልወያዋን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ያን ቀን ጠዋት ያንኑ ኮሪደር ሦስት ጊዜ ወለወለችው። በመስታወቱ ፊት ለፊት ስትደርስ ትዘገያለች። ሁለቱ ማሞቂያ ሣጥኖች ጎን ለጎን ናቸው፤ በአንደኛው ውስጥ ትንሿ ደረት ቀስ ብላ ትነሳለች ትወርዳለች፣ በሌላው ሕፃኗ ሳታቋርጥ ትርገፈገፋለች፣ ሰማያዊው ቁጥር ያበራል። በሦስት ሰዓት ላይ ሮሳውራን በተሽከርካሪ ወንበር አመጧትና ከመስታወቱ ሥር ትተዋት ሄዱ። ሙቀቱ ገና ከአሁኑ ከጣሪያው ይወርድ ነበር። ሮሳውራ ወሬ ትወዳለች። በባልሳር የሕፃን ዳይፐር ሃያ አራቱ ስድስት ዶላር መሆኑን፣ እዚህ ሆስፒታሉ በር ላይ ግን ስምንት እንዳሉባት፣ ለእነዚህ ደግሞ የአሻንጉሊት ካልሆነ ሌላው ሁሉ ድንኳን እንደሚሆንባቸው ነገረቻት። አክስቷ የሰጠቻትን፣ አረንጓዴ ሙዝ ከአይብ ጋር ተጨፍልቆ የተድቦለቦለ ምግብ ከቅጠል ፈታች፤ ለሁለት ገምሳ ትልቁን ለዞይላ ዘረጋች። ዞይላ በላች። ቁርስ አልቀመሰችም ነበር፣ ጣማት።

«የእርስዎዋ ለምንድን ነው የምትንቀጠቀጠው ዶኛ? በርዷት ነው?»

«መሣሪያው ነው። ሁለት ዓይነት ነው፤ በዕጣ ነው የሚሰጡት።»

«የእርስዎው አዲሱ መሆኑ ነዋ» አለች ሮሳውራ፣ መስታወቱን ትንሽ ቆይታ ካየች በኋላ። «ይሁን። እኔ መቼም ዕጣ ወጥቶልኝ አያውቅም። ሰፈራችን ዶሮ በዕጣ ሲያወጡ እንኳ የሚደርሰኝ ላባው ነው።»

ሮሳውራ በራሷ ቀልድ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዞይላም አብራት ሳቀች፤ ሳቁ እንዴት እንደወጣላት ግን አላወቀችም።

ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወረደች። አራሶቹ የሚተኙበት ክፍል ስድስት አልጋ ነው፤ የኬርሊ በሩ ሥር፣ የሮሳውራ በመስኮቱ በኩል ዳር ላይ። ኬርሊ ነቅታለች፤ እናቷን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዞይላ ከአልጋው ጫፍ ቆመች። አንሶላውን አስተካከለች፣ ያልቆሸሸውን ኮመዲኖ በመዳፏ ጠረገች፣ የውኃውን ጠርሙስ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረች። ይቅርታ ልትል አስባ ነበር የወረደችው፤ አራት ወር ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ የልጇን ማጅራት እያየች ያዘጋጀችው ቃል ነበራት። ቃሉ አልመጣም። በእሱ ፈንታ «አዲሱ መሣሪያ ነው የደረሳት» አለች። ኬርሊ ዞረች። ፊቷ አብጧል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እውነትሽን ነው አለች፤ ዞይላ በዓይኔ አየሁ አለቻት። ያኔ ኬርሊ እጇን ከአንሶላው ሥር አውጥታ የእናቷን ሁለት ጣት ያዘች። ጆፍሬ አውቶቡስ ላይ መሆኑን፣ ማታ እንደሚደርስ ነገረቻት፤ ዞይላም ይምጣ፣ ቤት ያድራል አለች። ይህንን መናገር ይህን ያህል ቀላል ከነበረ አራት ወር ምን ሲያደርጉ እንደኖሩ ለሁለቱም ግራ ሳያጋባቸው አልቀረም።

«ስሟ አራሴሊ ነው» አለች ኬርሊ በመጨረሻ። «ላንቺ ላልነግርሽ ነበር።»

ዞይላ ደረጃውን ስትወጣ እግሯ ቀሎላት ነበር። ስለ ሮሳውራ ካሰበችም እንዲህ ብላ ነው ያሰበችው፤ ገና ልጅ ናት፣ ሌላ ትወልዳለች።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የአዲሱ መሣሪያ ደወል ጮኸ። ደወል በዚያ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ይጮኻል፣ ዞይላ ደወልን ከደወል በድምፁ ትለያለች፤ ይኼኛው ግን አላቆመም። ሕፃኗ መርገፍገፏን ትታለች። መሣሪያው እየሠራ ነው፣ እሷ ግን ዝም ብላለች፤ በአንድ ጎኗ ደረቷ እንደ ጀበና ሆድ ተወጥሮ፣ ቆዳዋ አመድ መስሏል። ዶክተር ኢንትሪያጎ በትንሽ የእጅ ባትሪ ደረቷን አበራበት፤ ብርሃኑ በቆዳዋ ውስጥ ቀይ ሆኖ ተንቦገቦገ። ሳንባዋ ተቀድዶ አየሩ ወደ ደረቷ ፈስሷል። መርፌ ገባ፣ ቀጥሎ ቀጭን ቱቦ ገባ፣ ለጥቂት ደቂቃ ቀለሟ ተመለሰ። ከዚያ በሌላው ጎንም ያው ሆነ። ዞይላ መስታወቱ ላይ ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ማንም ሂጂ አላላትም። መሃል ላይ ዓይኗ ሳታዘው ወደ ጎን ሄደ። የሮሳውራ ልጅ በተላላጠው መሣሪያ ቀስ ብላ ትነሳለች፣ ትወርዳለች። ዞይላ አሁን ትቁም ብላ ተመኘች። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግማ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ አንቺ ቁሚና እሷ ትቀጥል ብላ ለመነች፤ ማንን እንደምትለምን ግን ልቧ አልነገራትም። ትንሿ ደረት ተነሳች፣ ወረደች።

ሲስተር ፒየዳድ በመርፌ ሲሪንጅ ንጹሕ ውኃ ስባ መጣች። ካህን እስኪመጣ የማይቆዩትን የምታጠምቃቸው እሷ ናት። ስሟን ጠየቀች። ዞይላ «አራሴሊ» አለች። ሦስት ጠብታ ግንባሯ ላይ አረፈ። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ዶክተሩ ወደ ግድግዳው ሰዓት ቀና ብሎ አየና ጓንቱን አወለቀ፤ አንድ ሰው ደወሉን አጠፋው።

የልብስ ማጠቢያው በር ሥር ሲስተር ፒየዳድ ክንዷን ያዘቻት። እያለቀሰች ነበር፤ ግን የያዘቻት አጥብቃ ነው። ማንም እንዲህ ይሆናል ብሎ አላሰበም፣ ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፣ ሦስት ልጅ አለኝ አለቻት። ዞይላ አየቻት። «እኔ መቼ ምን አልኩሽ?» አለች። ሲስተር ፒየዳድ እጇን ለቀቀች፤ ከዚያ ቀን በኋላም የዚያን ፎቅ ኮሪደር አንዷ ስትመጣ ሌላይቱ ወደ ክፍል ገባ እያለች ነው የዘለቁት።

ዶክተር ኢንትሪያጎ ዞይላን ቢሮው አስገብቶ አስቀመጣት። አርባ አራት የሚል ቁጥር ያለበት ቅጽ ፊቱ ላይ ተዘርግቷል። ወጣት ሐኪም ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል። እንዲህ ያለው የሳንባ መቀደድ በሁለቱም መሣሪያዎች እንደሚደርስ በዝግታ አስረዳት። ዞይላ ስለ አሥራ ሁለቱ ደቂቃ ጠየቀችው፤ በእጅ ስትተነፍስ የቆየችበት ጎድቷት ይሆን አለች። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል አላት። አሮጌው ቢሆንስ ኖሮ አለች። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አላውቅም ዶኛ ዞይላ። ሁለት መቶ ሕፃናት ሲሞሉ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢጠይቁኝ ምናልባት እነግርዎታለሁ። አሁን የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ማንም አልመረጠላትም። እኔም አልመረጥኩም፣ እርስዎም አልመረጡም። ይኼን ይያዙ። እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ራሱን የማይወቅስበት ብቸኛው ነገር ይኼ ነው።»

ዞይላ አፏን ከፈተች። ምላሷ ላይ የነበረው ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ብትናገረው ሲስተር ፒየዳድ ትባረራለች፣ እሷም ትባረራለች፣ የዚህ ሰው የዘጠኝ ወር ሥራ ገደል ይገባል፤ ይህን ሁሉ ግን አላሰበችውም። ያሰበችው አንድ ነገር ነው፤ ኬርሊ ትሰማለች። አፏን ዘጋች። ዶክተሩ ለማልቀስ ያልቻለች መሰለው፤ ተነስቶ ውኃ ቀዳላት፣ ከዚያ የሞተችበትን ሰዓት በቅጹ ላይ ሞላ። የአራሴሊ ቁጥር ከሌሎቹ ጋር ይደመራል፣ ለሚመጡት ይጠቅማል አላት። ዞይላ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወጣች።

ለኬርሊ ስትነግራት አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነበር፤ የእራት ሾርባ እየታደለ ነው። ዞይላ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ብዙ መናገር አላስፈለጋትም። ኬርሊ ትራሱን በጥርሷ ይዛ አለቀሰች፤ ስፌቷ እንዳይፈታ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ድምፅ ሳይወጣት፣ ትከሻዋ ብቻ እየተንቀጠቀጠ። በሌሎቹ አልጋዎች ያሉት ወሬያቸውን ቀጥለዋል። ዞይላ ጀርባዋን አሸችላት፤ ልጅ ሆና ሳል ሲይዛት እንደምታደርገው ሳይሆን፣ የባዕድ ልጅ እንደሚነካ ሰው እየፈራች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ኬርሊ ፊቷን በአንሶላው ጠረገችና ጣሪያውን እያየች ተናገረች።

«አዲሱ ላይ ነበረች አይደል?»

«አዎ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

«እንግዲያ የሚቻለው ሁሉ ተደርጎላታል» አለች ኬርሊ። «አሮጌው ደርሷት ቢሆን ኖሮ እማዬ፣ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኝ ነበር። አንቺንም ይቅር አልልሽም ነበር፤ እዚህ እየሠራሽ እንዴት ዝም አልሽ እል ነበር።» የእናቷን እጅ አንስታ ጉንጯ ላይ አስደገፈችው። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ በመስኮቱ በኩል ወዳለው አልጋ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምስኪን፤ አሮጌው ላይ ያለችው የእሷ ናት አሉ። ስለኛ እንዳትነግሪያት፣ ትፈራለች። ሾርባዬንም ውሰጂላት፤ እኔ አይወርድልኝም።»

ዞይላ ሳህኑን አንስታ በአልጋዎቹ መሃል አለፈች። ሾርባው ሞልቷል፤ እንዳይፈስ ቀስ ብላ ነበር የምትራመደው። ሮሳውራ ስታያት ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለች።

«እግዜር ያክብርልኝ ዶኛ። ነርሷ መጥታ ኦክስጅኗን ቀነስንላት አለችኝ። ይኼ ጥሩ ነው አይደል?»

«ጥሩ ነው።»

«የእናንተዋስ እንዴት ዋለች?»

«ጠጪ» አለች ዞይላ፣ «ይቀዘቅዝብሻል።»

ሮሳውራ ርቧት ነበር። ሾርባውን ጠጣችው፣ ድንቹንም በማንኪያ እየቆረሰች በላች፤ ዞይላ ሳህኑን ይዛ መመለስ ነበረባትና እስክትጨርስ ድረስ አጠገቧ ቆመች።